የነዳጅ ክፍያና የመንገድ ጥገና፦ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አንጻር የተደረገ ዳሰሳ

የጥያቄው ወሰን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሀብሩን ወረዳ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይደርሳል። ወልድያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው አላውሃን ተሻግሮ በቆቦ ወደ አላማጣ ሲያቀና፣ ሌላው በድልብ ዳገቱን ወጥቶ በጋሸናና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ያመራል። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ዞሮ በወልድያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው የባቡር መስመር አገልግሎት ባለመጀመሩ፣ በዚህ አካባቢ የሚንቀሳቀሰው ጭነት ሁሉ ያረፈው በመንገዱና በድልድዮቹ ላይ ነው። ከምዕራቡ ተራራ ወደ አፋር ቆላ የሚወርዱት ወንዞች በክረምት ድንገት ስለሚሞሉ፣ በዚህ መስመር ላይ የድልድይና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ጤንነት የመንገዱ ህልውና ጥያቄ ይሆናል።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ጥያቄ እንዲህ ያለውን መንገድ ለመጠገን የሚያስፈልገው ገንዘብ ከነዳጅ ላይ በሚቆረጥ ክፍያ መሸፈን አለበት ወይ፣ መሸፈን ካለበትስ ክፍያው ከፍ ሊል ይገባል ወይ የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደፈርሰው የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነውና፣ አስቀድሞ ሁለት ልዩነቶችን ማበጀት ያሻል።

የመጀመሪያው ልዩነት በማደያ በሚከፈለው ዋጋ ውስጥ ያለው ነው። በአንድ ሊትር ዋጋ ውስጥ የዓለም ገበያ ዋጋና የማጓጓዣ ወጪ፣ ወደ ጠቅላላው የመንግሥት ካዝና የሚገባ ታክስ፣ እንዲሁም ለመንገድ ጥገና ብቻ ተለይቶ የሚሰበሰብ ክፍያ ይገኙበታል። መንግሥት ዋጋውን ከእውነተኛው ወጪ በታች ሲያደርገው ልዩነቱ ድጎማ ይባላል። ስለዚህ ድጎማ ሲነሣ የሚጨምረው ዋጋ ለመንገድ ጥገና ከሚጣል ክፍያ ጋር አንድ አይደለም፤ ምንም እንኳ ከፋዩ በኪሱ የሚሰማው አንድ ዓይነት ጫና ቢሆንም።

ሁለተኛው ልዩነት በጥገናው ዓይነት ላይ ነው። መደበኛ ጥገና የሚባለው በየዓመቱ የሚሠራው ቦይ የመጥረግ፣ ቱቦ የመክፈት፣ ጉድጓድ የመድፈንና ሣር የማጨድ ሥራ ነው። ወቅታዊ ጥገና ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ጠጠር መመለስንና የአስፋልቱን የላይኛ ንጣፍ ማደስን ያጠቃልላል። ጎርፍ ወይም ናዳ መንገድ ሲቆርጥ የሚደረገው የአስቸኳይ ጊዜ ጥገና ሲሆን፣ መንገዱ ከጥገና አልፎ ሲፈራርስ ግን የሚቀረው መልሶ ግንባታ ነው። የነዳጅ ክፍያ በመርሕ ደረጃ የታሰበው ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነው፤ አዲስ መንገድ መሥራትና የፈረሰን ድልድይ እንደገና መገንባት በአብዛኛው ከመንግሥት በጀትና ከብድር የሚሸፈን የካፒታል ወጪ ነው።

አመጣጡ፦ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እስከ መንገድ ፈንድ

የዛሬው የወሎ ዋና መንገድ መሠረቱ የተጣለው ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘባቸው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው፤ ወራሪው አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ በወልድያና በደሴ በኩል ለጦር ዓላማ ዘረጋው። ከነጻነት በኋላ መንገዶቹ ጠጋኝ አጥተው በፍጥነት ተጎዱ። ይህ ችግር በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እገዛ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። ስለዚህ የዘመናዊው የኢትዮጵያ መንገድ አስተዳደር የተወለደው ከግንባታ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ከጥገና እጦትም ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» የሚለው የወልድያ–ወረታ መስመር ወሎን ከበጌምድር ጋር አገናኘ።

የነዳጅ ዋጋ የፖለቲካ ክብደት የታወቀውም በዚያው ዘመን መባቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ካሻቀበ በኋላ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የአብዮቱ መንስኤዎች ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የመጡ መንግሥታት ሁሉ ነዳጅ ላይ ሲጨምሩ ይህን ትዝታ ከጀርባቸው ይዘው ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአፍሪካ አገሮች አዲስ አስተሳሰብ መስፋፋት ጀመረ። የዓለም ባንክና አጋሮቹ ባካሄዱት የመንገድ ጥገና እንቅስቃሴ፣ ጥገና በየዓመቱ ከበጀት ሚኒስቴር በሚለመን ገንዘብ ላይ መመሥረት እንደሌለበት፣ መንገድም እንደ መብራትና ውሃ ተጠቃሚው የሚከፍልበት አገልግሎት እንዲሆን ተመከረ። ይህ ገንዘብ ራሱን በቻለ ቋት የሚቀመጥ፣ ተጠቃሚዎች በሚወከሉበት ቦርድ የሚመራና በኦዲት የሚፈተሽ እንዲሆን ታሰበ።

ኢትዮጵያ ይህን ሐሳብ የተቀበለችው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድን ባቋቋመችበት ጊዜ ነው። የፈንዱ ዋነኛ ምንጭ በነዳጅ ላይ በሊትር የሚቆረጠው ክፍያ ሲሆን፣ ከመንግሥት በጀት የሚመደብ ገንዘብ፣ በተሽከርካሪ ክብደት ላይ የተመሠረተ ዓመታዊ የፈቃድ ማደሻ ክፍያና ከተፈቀደው በላይ በሚጭኑ ላይ የሚጣል ቅጣትም በምንጭነት ተቆጥረዋል። በመነሻው ቀመር ከገንዘቡ 70 በመቶው ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶው ለክልሎች፣ 10 በመቶው ለከተሞች እንዲውል ተደረገ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሥራውን ሲይዝ አገሪቱ የነበሯት 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገዶች ሲሆኑ በጥሩ ሁኔታ ላይ የነበሩት 22 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሁለት አስርት ዓመታት ባነሰ ጊዜ የመንገዱ ርዝመት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ ከዚህም ብዙው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን በሙሉ ለማገናኘት በተወጠነው የገጠር መንገድ ፕሮግራም የተከፈተ ነው። የሚጠገነው መንገድ እንዲህ ሲበዛ ለጥገናው የተመደበው ምንጭ አብሮ ማደጉን የሚያረጋግጥ ሥርዓት አለመኖሩ የዛሬው ክርክር ሥር ነው።

ክፍያው ይጨመር የሚሉ ወገኖች

ጭማሪውን የሚደግፉ የምጣኔ ሀብትና የምህንድስና ባለሙያዎች የሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የጥገና መዘግየት ዋጋ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ ባለፈው አንድ አስርት ዓመት 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለጥገና ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር አስልቷል። ባንኩ እንደሚለው ከጥገና የተቆጠበ አንድ ዶላር ከ2 እስከ 3 ዶላር ሆኖ በጎማ፣ በመለዋወጫና በነዳጅ በኩል ወደ ተሽከርካሪው ባለቤት ይመለሳል። በበጋ ያልተደፈነ የጣሪያ ቀዳዳ በክረምት ግድግዳውን ጭምር እንደሚጥለው ሁሉ፣ ያልተጠረገ ቱቦም ውሃውን በመንገዱ ላይ ያሳልፍና የድልድዩን መሠረት ያጋልጣል። ከድልብ ዳገት ሥር እስከ መርሳ ባለው ሥፍራ ይህ ስሌት ከማንኛውም ሜዳማ ቦታ ይልቅ ይጠነክራል።

ሁለተኛው መንገድ የሚያስገኘው ጥቅም ነው። ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቹ በ15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት የድህነትን መጠን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስና የፍጆታ ዕድገትን በ16.3 በመቶ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። በግኝቱ ውስጥ ወሳኙ ቃል «ክረምት ከበጋ» የሚለው ነው፤ ተከፍቶ ጥገና ያጣ የጠጠር መንገድ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ይህን ባሕርይውን ያጣል። ከሀብሩ የጊራና ሸለቆ ፍራፍሬና አትክልት አምጥቶ መርሳ ወይም ወልድያ ገበያ ለሚያደርስ ገበሬ የመንገዱ ለአንድ ሳምንት መቆረጥ የምርቱ መበስበስ ማለት ነው።

ሦስተኛው የመጠኑ ማነስ ነው። ለአብነት ያህል በሊትር 1 ብር ቢጨመርና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ሚኒባስ ከመርሳ ወልድያ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝ፣ ተጨማሪው ወጪ 3 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም ለ12 ተሳፋሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲም ነው። ደጋፊዎቹ ይህን መጠን በተበላሸ መንገድ ምክንያት ከሚሰበር ባሌስትራና ከሚያልቅ ጎማ ጋር በማነጻጸር ጭማሪው ራሱን ይከፍላል ይላሉ።

ጭማሪውን የሚቃወሙ ወገኖች

የተቃውሞው ወገን አንድ ድምፅ የለውም፤ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ መከራከሪያዎች ይገኙበታል።

አንደኛው ከኑሮ ውድነት የሚነሣ ነው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ከተደረገ በኋላም ጭማሪው ቀጥሎ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ክፍያ መጫን፣ ተቃዋሚዎቹ እንደሚሉት፣ በጤፍና በዘይት ዋጋ በኩል መኪና የሌለውን ድሃ ይጎዳል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በ20 ታዳጊ አገሮች ላይ ያደረጉት ጥናት በበኩሉ ከነዳጅ ድጎማ ከፍተኛ ገቢ ያለው አንድ አምስተኛው ሕዝብ ከዝቅተኛው አንድ አምስተኛ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚጠቀም ያሳያል። ሁለቱ ነጥቦች የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም፤ ሀብታሙ በብር መጠን ብዙ ይከፍላል፣ ድሃው ግን ከገቢው አንጻር የሚሰማው ጫና ይከብዳል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስለ ፍትሕ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተደረገው ሰፊ የመንገድ ሙከራ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በክብደቱ አራተኛ ኃይል ልክ እንደሚያድግ አሳይቷል፤ የአክስሉ ክብደት በእጥፍ ሲያድግ ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከባድ ተሳቢ ከባጃጅ ብዙ እጥፍ ነዳጅ ቢጠቀምም በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከነዳጁ ልዩነት እጅግ የሰፋ ነው። ስለዚህ በሊትር የሚቆረጥ ክፍያ በወልድያና በመርሳ ከተሞች ውስጥ የሚሠራውን ባጃጅ ከጉዳቱ በላይ፣ ከመጠን በላይ የጫነውን ተሳቢ ደግሞ ከጉዳቱ በታች ያስከፍላል። ከዚህም የባሰው ከመንገድ ውጪ የሚውለው ነዳጅ ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠቀም ገበሬና መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮ የሚያስፈጭ ሁሉ ለመንገድ ይከፍላሉ፤ ሞተሩና ወፍጮው ግን መንገድ ላይ አይወጡም።

ሦስተኛው መከራከሪያ የመተማመን ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለተባለው ዓላማ መዋሉን ሕዝቡ ካላየ ክፍያው ሌላ ታክስ ብቻ ይሆናል። ታሪክም ለዚህ ስጋት ምስክር አለው፤ በብሪታንያ ከተሽከርካሪ ባለቤቶች ለመንገድ የተሰበሰበውን የመንገድ ፈንድ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1926 ለሌላ ወጪ አውለውታል። በዚህ ላይ ነዳጅ በማደያ ጠፍቶ በየመንገዱ በሃይላንድ በሚሸጥበት ጊዜ ተጠቃሚው የሚከፍለው ከተተመነው በላይ ሲሆን፣ ትርፉ ለነጋዴ እንጂ ለመንገዱ የሚተርፍ አይደለም።

ሦስተኛው አቋም፦ ሌላ ምንጭ መፈለግ

ከሁለቱ ወገኖች መካከል ተጠቃሚው ይክፈል የሚለውን መርሕ ተቀብለው መሣሪያው ነዳጅ መሆኑን የሚጠይቁ አሉ። አንዱ አማራጭ የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ የታወቀው የአገር ውስጥ ምሳሌ ነው። ይህ ዘዴ ብዙ ተሽከርካሪ ለሚመላለስበትና አማራጭ መንገድ ላለው መስመር ይስማማል፤ ለሀብሩ የቀበሌ መንገዶች ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ የሰብሳቢውን ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም።

ሌላው አማራጭ በክብደትና በርቀት ማስከፈል ነው። ኒው ዚላንድ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፍጣ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ይህን ሥርዓት ተግብራለች። ሥርዓቱ ከኢሊኖዩ ግኝት ጋር በእጅጉ ይስማማል፤ የሚፈልገው የሚዛን ጣቢያና የቁጥጥር ብቃት ግን ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ከተፈቀደ ክብደት በላይ መጫንን የሚቀጣው ሕግ ከወረቀት አልፎ በጥብቅ ቢሠራበት፣ ገቢ ከማስገኘቱ ይልቅ ጉዳቱን ከምንጩ በመቀነሱ ይጠቅማል።

ገንዘቡ የት ይደርሳል?

በክርክሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ክፍፍሉ ነው። በመነሻው ቀመር መሠረት ከተሰበሰበው ብር አብላጫው ለፌዴራል መንገድ ይሄዳል፤ በወልድያና በመርሳ ውስጥ የሚያልፈው አስፋልትም ከዚህ ድርሻ ይጠገናል። ከሀብሩ ገጠር ወደ መርሳ የሚወጣው፣ በተለምዶ ፒስታ የሚባለው መንገድ ግን የሚያገኘው ከክልሉ ድርሻ ውስጥ ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ ተከፋፍሎ የሚደርሰውን ነው። ለፌዴራል መንገድ የሚከራከሩ ባለሙያዎች ብዙ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት መንገድ ሲበላሽ አገራዊው ኪሳራ ይበልጣል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። የገጠሩ መንገድ ተከራካሪዎች ደግሞ የቀበሌ መንገድ ሲቆረጥ እናት ለወሊድ ሐኪም ቤት መድረሻ፣ ገበሬም ማዳበሪያ ማምጫ ፈጽሞ እንደሚያጡ፣ የዚህም ዋጋ በተሽከርካሪ ቁጥር እንደማይለካ ያስረዳሉ። በኬንያ የመንገድ ጥገና ክፍያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በሊትር ከ18 ወደ 25 ሽልንግ ከፍ ካለ በኋላ፣ በማዕከላዊው መንግሥትና በካውንቲዎች መካከል የተነሣው የድርሻ ሙግት ገንዘብ ሲጨምር የክፍፍሉ ጥያቄ አብሮ እንደሚያይል ያመለክታል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ሦስት ጥያቄዎች ገና መልስ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው የተመኑ አሠራር ነው። የጥገናው ክፍያ በሊትር የሚቆረጥ ቋሚ መጠን ስለሆነ፣ በውሳኔ ካልተሻሻለ በስተቀር የቤንዚን ዋጋ በሦስት እጥፍ ገደማ ቢያድግም የፈንዱ ድርሻ ባለበት ይቆማል፤ በሌላ በኩል ከውጭ የሚገባው ሬንጅና የማሽን መለዋወጫ በብር ሲታይ ይወደዳል። በመሆኑም ሕዝቡ በማደያ ብዙ እየከፈለ መንገዱ በእውነተኛ ዋጋ ያነሰ የሚያገኝበት ሁኔታ ይፈጠራል። ተመኑ ከዋጋ ግሽበት ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከል ማድረግ ይህን ያርማል፤ የኑሮ ውድነትን በራሱ እንዳያባብስ የሚሰጉም ስጋታቸው መሠረት አለው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ጉዳይ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቁጥርም ከ100 ሺህ በላይ መድረሱን የዘርፉ ባለሥልጣናት ገልጸዋል። እነዚህ መኪናዎች አስፋልቱን እየተጠቀሙ በነዳጅ በኩል ለጥገናው ምንም አይከፍሉም። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው የትልልቅ ከተሞች ነዋሪዎች በመሆናቸው፣ የነዳጅ ክፍያ ብቻውን ሲያድግ ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ ጭነት መኪናው፣ ወደ ገጠሩ አውቶቡስና ወደ ውሃ መሳቢያው ይዞራል። ኒው ዚላንድ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን በርቀት ክፍያው ውስጥ ያስገባችው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው ጦርነት ያመጣው ውድመት ነው። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት መካከል ወድቀው ቆይተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከዜ ድልድይ መፍረሱም አንድ ድልድይ ሲጠፋ ምን ያህል ሕዝብ ከእርዳታ እንደሚቆረጥ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ከጥገና ፈንድ መሸፈን ለመደበኛው ጥገና የታሰበውን ገንዘብ ያሟጥጣል፤ አለመሸፈን ደግሞ መስመሩን ይዘጋል። የአስቸኳይ ጊዜ ጥገናና የመልሶ ግንባታ ወሰን በሕግ በግልጽ ካልተሰመረ ፈንዱ የሁሉም ችግር መክፈያ ይሆናል። ጸጥታ በሌለበት ሥፍራ ደግሞ ገንዘብ ቢኖር እንኳ የጥገና ቡድን አይንቀሳቀስም።

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ

የቀረቡት ማስረጃዎች ሲመዘኑ፣ በወቅቱ የሚደረግ ጥገና ከመልሶ ግንባታ እጅግ እንደሚረክስና ለዚህም ቋሚና የተለየ የገንዘብ ምንጭ እንደሚያስፈልግ በቂ ማረጋገጫ አለ። ነዳጅ ደግሞ ጉድለቶቹ ሁሉ ቢኖሩበትም በትንሽ ወጪ የሚሰበሰብና ለማምለጥ የሚያስቸግር ምንጭ ስለሆነ ለጊዜው የሚተካው አይገኝም። ስለዚህ የጥገናውን ክፍያ በመጠኑ ማሳደግ ተገቢ ነው፤ ተገቢነቱ ግን በአራት ሁኔታዎች የታሰረ ነው። ጭማሪው ለጥገና ብቻ እንዲውል በሕግ ይታጠር፤ ለወረዳ መንገዶች የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይበል፤ ለመስኖና ለወፍጮ የሚውለው ናፍጣ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር የታለመ ድጎማ ባገኙበት ዓይነት ዘዴ ተመላሽ ይደረግለት፤ ከባድ ጭነትና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪም እንደየክብደታቸው ይክፈሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊመጣ የሚገባው ግን አንድ ቀላል ግዴታ ነው። በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ወረዳ የተላከው የጥገና ገንዘብ፣ የተጠገነው መንገድና ድልድይ ከነስሙ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የመርሳ ነጋዴና የጊራና ገበሬ የከፈሉት ሳንቲም የትኛውን ቱቦ እንደከፈተና የትኛውን ድልድይ እንዳጸና ማወቅ መብታቸው ነው፤ ይህ መብት ሳይከበር ጭማሪ የሚጠይቅ መንግሥት የሚጠይቀውን ጭማሪ ሊያገኝ አይገባውም።